በሌለበት

ሙሀመድኑር የማሳውን ድንበር ተሻግሮ ሲመጣ ረቢአ የመውቂያ ዱላዋን ከፍ አድርጋ ነበር። ጎረቤታቸው ነው፤ ከከሚሴ ድረስ በእግሩ ሲጣደፍ መጥቷል። ምሥራች የያዘ ሰው አረማመድ መሆኑን ከሩቅ አወቀችው። ቢሆንም ዱላዋን ማሽላው ላይ አሳረፈች፤ ደግማም አሳረፈች። አውድማው ላይ ከተሰጣው ገና እኩሌታው አልተወቃም።

ከማዶዋ ታናሽ ወንድሟ ቃሲም በአንድ እጁ ይወቃል። ግራ ትከሻው ከጦርነቱ ወዲህ አልነሳም ብሎታል።

«አካም ኦልታን» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት ዋላችሁ አለ ሙሀመድኑር፤ ትንፋሹን እንኳ ሳይሰበስብ ወሬውን አፈሰሰው። በሬዲዮ ተናግረዋል። የአዲስ አበባው ፍርድ ቤት ያንን ኮብልሎ የወጣውን የደርግ መሪ ከነባልደረቦቹ ጥፋተኛ ብሎታል። በከተማው ያለ ሻይ ቤት ሁሉ ሌላ ወሬ የለውም።

«እንኳን ደስ አለዎ፣ እትዬ ረቢአ። የአብዱልጀሊል ደም ፍርድ አገኘ።»

አብዱልጀሊል የበኩር ልጇ ነበር። ደሴ ይማር የነበረ፣ ለክረምት ዕረፍት በመጣበት አብዮት ጠባቂዎች ከማዕድ አስነስተው የወሰዱት። ለጥያቄ ነው፣ ይመለሳል አሏት። አልተመለሰም፤ አስከሬኑንም አላሳዩዋትም።

ረቢአ ዱላውን ተመርኩዛ ቆመች። «ሰውየው ነበረ?»

«የት?»

«ሲፈረድበት። ቆሞ ሰማ?»

«የለም እንጂ። በሌለበት ነው። እሱማ ሰው አገር ተቀምጧል፤ ማን አሳልፎ ይሰጠዋል ብለው ነው።»

«ታዲያ ለማን ነገሩት?»

ሙሀመድኑር አፈረ። ሲያፍር ደግሞ ወሬ ያበዛል። ከተማውም በዚሁ ለሁለት ተከፍሎ ነው ያለው፣ አላት። ገሚሱ፣ ይያዝ አይያዝ ገዳይ ገዳይ መባሉ ብቻ ይበቃል ይላል። ገሚሱ፣ የሌለን ሰው መክሰስ ጭስ መውቃት ነው፤ አገር የመራን ሰው ጉዳይ ለአላህ ትቶ ማለፍ ይሻል ነበር ባይ ነው። እሷ ምን እንደምትል ለመስማት የሚጠብቁ አሉ። እሱም የመጣው ለዚሁ ነው።

ረቢአ ደከማት። የማሽላው ድካም አልነበረም። የክሱ መርማሪዎች የመጡ ጊዜ ያንን ቀን ከማዕዱ ጀምራ ነግራቸዋለች። ደሴ ድረስ አስጠርተዋት ደግማ ነግራለች። በነገረችው ቁጥር ልጁ እየራቀ ቃሉ ብቻ አፏ ውስጥ ይቀራል።

ዓይኗ ወደ ቃሲም ሄደ። አሁን ዱላውን ጥሎ ይሄዳል ብላ ጠበቀች። መርማሪዎቹ የመጡ ዕለት ጋቢውን አንስቶ ወጥቶ ነበር። ወዶ የዘመተ፣ ለሰውየው ክፉ ቃል የማይወጣው ወታደር ነበር። ደርግ የወደቀ ዓመት ከሰሜን እየለመነ፣ እግሩ ተሰነጣጥቆ ሲመጣ ምንም ሳትጠይቅ እግሩን አጥባ አስገብታዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ «ምንም ቢሆን አገር ወዳድ ነበር» ብሎ ተናገረ። ልትሰጠው የያዘችውን ቂጣ መልሳ ሞሰቡ ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ በአንድ ግቢ እየኖሩ የሰውየውን ነገር አንስተው አያውቁም።

ቃሲም ግን አልሄደም። ዱላውን አስቀምጦ ገለባው ላይ ተቀመጠ።

«እኔም ፍርድ ቤት እንዲቆም እፈልግ ነበር» አለ።

ረቢአ የሰማችውን ተጠራጠረች።

«ምሽግ ውስጥ ትእዛዝ ስንጠብቅ ነው አገር ለቆ ወጣ ሲሉ በሬዲዮ የሰማነው። ሙህዲን የሚባል የባቲ ልጅ ከጎኔ ነበር። ውሸት ነው፣ እሱ አይሄድም ብሎ ተከራከረኝ። እንደተከራከረኝ ሞተ።» መሬት መሬቱን እያየ ድምጹን ዝቅ አደረገና በኦሮምኛ «ኑ ገቴ ዴሜ» አለ፤ ጥሎን ሄደ። «እፊቱ ቁሜ፣ ለማን ትተኸን ሄድክ ልለው ነበር። ሌላ አልፈልግም።»

ረቢአ ዱላዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። እሷም ሰውየውን ብታገኘው የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበራት፤ ልጄን የት አደረጋችሁት ብላ። ይኼን ሁሉ ዘመን ወንድሟን ከዚያ ወገን አቁማው ኖራለች። እሱም እንደሷው ጥያቄውን ይዞ የሚጠይቀው አጥቶ ተቀምጧል።

«ምን ልበላቸው?» አለ ሙሀመድኑር በመጨረሻ።

«ማሽላ ሲወቁ አገኘኋቸው በላቸው።»

ቅር እያለው ተሰናብቶ ሄደ። ረቢአም ከቃሲም አጠገብ ገለባው ላይ አረፈች። ከወዲያ ማሳ ወፍ የሚያባርር ሰው ድምጽ ይሰማል።

«አብዱልጀሊል» አለ ቃሲም። የልጁን ስም ከሱ አፍ ከሰማችው ስንት ዘመኗ። «ኑሮ ቢሆን፣ ይኼኔ ትልቅ ሰው ነበር።»

«ፂሙ ይሸብት ነበር» አለች።

እንደዚያ አድርጋ ልታየው ሞከረች። እምቢ አላት፤ የሚመጣላት ያው ፂም ያላወጣ ለጋ አገጭ ነው። ወደ ወንድሟ ዞረች። ፂሙ በማሽላው እብቅ ነጭ ሆኗል። እጇን ዘርግታ ቀስ ብላ አራገፈችለት። እብቁ ረገፈ፤ ነጩ ግን አልሄደም።