የትሪሎኪ ክንድ

ትሪሎኪ የሚያውቀውን ነገር ለሰው አያካፍልም። አላሃባድ ውስጥ ከሃሪኦም ጋር በተከራያት ክፍል ግድግዳ ላይ የለጠፈውን የወንዞች ካርታ እንኳ እንግዳ ሲመጣ በፎጣ ይሸፍነዋል። ጋዜጣውን በየማለዳው ከማንም ቀድሞ ያነባል፤ ዋና ዋናውን ቀዶ ይወስዳል። ለሃሪኦም የሚተርፈው ክሪኬትና የጋብቻ ማስታወቂያ ነው።

«አንተ እኮ ሰዓት ስንት ሆነ ሲሉህም መጀመሪያ በክንድህ ትከልላለህ» ይለዋል ሃሪኦም።

«አንተ ገና ሁለቴ ሞክረህ ነው የምትስቀው። ስድስተኛህ ላይ ስትደርስ እናወራለን።»

እውነቱን ነው። ለሲቪል ሰርቪስ ፈተና እንዲቀመጥ የተፈቀደለት ስድስት ጊዜ ብቻ ነው፤ አምስቱ አልቀዋል። በትውልድ ከተማው ባሊያ ያሉት አባቱ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር መሻገሪያ ጠባቂ፣ ስሙ የተጻፈበት ቆርቆሮ በራቸው ላይ ከሰቀሉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ከስሙ በታች ለሹመቱ ባዶ ቦታ ትተዋል። ትሪሎኪ ቤተሰቡን ሊጠይቅ በሄደ ቁጥር ያንን ባዶ ቦታ ላለማየት አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው።

በፈተናው ቀን ጠዋት መፈተኛው ትምህርት ቤት በር ላይ ተሰልፎ እግሩን እያወዛወዘ ሳለ፣ ከኋላው የቆመ ባለ አረንጓዴ ሸሚዝ ሰው ትከሻውን ነካ አደረገው።

«ወንድሜ፣ ዓለም አቀፍ እውቅና ያገኙት ረግረጎቻችን ዘንድሮ ስንት ደረሱ?»

ትሪሎኪ ቁጥሩን እንደ ስሙ ያውቀዋል። «እኔ እንጃ» አለ።

«እኔም ይምታታብኛል። አዲስ ስለተጨመሩት ሁለቱ ግን ልንገርህ፣ ምናልባት ይጠቅምሃል» ብሎ ሰውየው ሳይጠየቅ ይተነትን ጀመር። ትሪሎኪ አላዳመጠም። ማጥመጃ ነው ብሎ አሰበ፤ ትንሽ ሰጥቶ ብዙ ሊወስድ።

ክፍል ሲገቡ ደግሞ ያው ሰው በስተቀኙ፣ መተላለፊያውን ብቻ ተሻግሮ ተቀመጠ።

ፈታኟ መነጽራቸውን ያላወለቁ፣ ድምፃቸው ወፍራም የሆነ መምህርት ናቸው። የጥያቄ ደብተሮቹን ከኮድ «ኤ» እስከ «ዲ» እያፈራረቁ ከመልስ ወረቀት ጋር አደሉ። ለትሪሎኪ «ሲ» ደረሰው፤ ለጎረቤቱ «ዲ»። ከዚያ ቆመው መመሪያውን ማንበብ ጀመሩ።

«ጥቁር እስክሪብቶ ብቻ። ስልክ የያዘ ይባረራል። የደብተሩ ኮድ ክብ ያልጠቆረበት የመልስ ወረቀት አይታረምም። የተሳሳተ መልስ ነጥብ ይቀንሳል። ሽንት ቤት...»

ትሪሎኪ በዚህ መሃል ዴስኩን ቀስ በቀስ ወደ ግራ እየጎተተ ነበር።

«አንተ! ዴስክ አይጎተትም። ሠርግ ቤት መሰለህ?»

ክፍሉ ሳቀ። ትሪሎኪን ላብ አጠመቀው። ስሙንና የመፈተኛ ቁጥሩን በመልስ ወረቀቱ ላይ ጻፈ፤ ቁጥሩን ሦስቴ አመሳከረ። ቀና ሲል ሰውየው የእሱን ወረቀት ትክ ብሎ ሲያይ ያዘው። ወዲያው ግራ ክንዱን ወረቀቱ ራስጌ ላይ አጋደመና ሥራውን ጀመረ።

ሰውየው ግን አልተወውም። ሳል ሳል ይላል። በእስክሪብቶው የራሱን ወረቀት ላይኛ ጫፍ ሦስት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል። ሦስተኛውን ጥያቄ ንገረኝ ማለቱ ነው፤ ትሪሎኪ እንዲህ ያሉ ምልክቶችን ያውቃል። ለዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመውን እውቀት በሳል ሊወስዱበት ነው።

«ወንድሜ» አለ ሰውየው በሹክሹክታ፣ «ከላይ... ከላይ...»

ትሪሎኪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ አላስፈትን አለኝ። ሊኮርጅ ነው።»

ሰውየው ብድግ አለ። «ቲቸር፣ እኔ እኮ ለእሱ ብዬ...»

«አንድ ቃል ብትጨምር ወረቀትህን እቀማሃለሁ። ና ወደ ፊት!»

ሰውየው ፊቱ ቀልቶ ወደ ፊት ሄደ። ከፈታኟ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጦም አንዴ ዞር ሊል ሲል በማስመሪያ ጠረጴዛውን መቱበት። ከዚያ በኋላ አልዞረም።

ትሪሎኪ ተነፈሰ። እንደዚያ ቀን ነገር ሁሉ ተገልጦለት አያውቅም። ሕገ መንግሥቱ መጣ፤ ያውቀዋል። የነብሮቹ ጥብቅ ቦታ መጣ፤ ከጋዜጣ የቀደደው ነው። አርባ አንደኛው ጥያቄ ላይ ረግረጎቹ መጡ፤ ብቻውን ፈገግ አለ። ክንዱ ደነዘዘ፣ ግን አላነሳውም። ደወሉ ሲደወል ከመቶው ጥያቄ በሰማንያ ስድስቱ እርግጠኛ ነበር፤ በሌሎቹ ዓመታት ስድሳ አልሞላለትም። ወረቀቱንም እንደ ልማዱ በጀርባው ገልብጦ አስረከበ።

ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል። ባለ አረንጓዴ ሸሚዙ ሰው በሩ አጠገብ፣ ኪያር ሻጩ ጋ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ትሪሎኪ ጠብ ፈርቶ ሊያልፈው አሰበ። ግን ደስታ ቸር አድርጎታል፤ አባቱ በር ላይ የተሰቀለው ቆርቆሮ ሞልቶ ታየው። ጠጋ አለና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የረግረጎቹን ቁጥር ለሰው ነገረ።

«አትቀየመኝ» አለው፣ «የመጨረሻዬ ስለሆነ ነው።»

ሰውየው ጨው የተነሰነሰበትን ኪያር ለሁለት ሰበረና ግማሹን አቀበለው።

«ግድ የለም ወንድሜ» አለ። «ብቻ ያንን ወረቀትህ ራስጌ ላይ ያለውን የኮድ ክብ፣ በኋላ አጠቆርከው?»