ልክ እንደ ድራማው

ወንድ የሴትን የእጅ አንጓ ይዞ ሲጎትታት «እንዴት ቢወዳት ነው» ያላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ የምትሰፋ ልጅ እንዲህ ባለ የኮሪያ ድራማ የተነሳ ሳምንቱን ሙሉ ብቻዋን ስትሟገት ከረመች። «ፍየል ናት እንዴ የሚጎትታት?»

«አንቺ ደግሞ ልብሽ ድንጋይ ነው» አሏት የሥራ ጓደኞቿ። «ለሷ ሲል እኮ ይሞታል።»

«ይሙትላታ። እጇን ግን ይልቀቅ።»

በዚሁ ክርክር መሃል እጮኛዋ ሳያንኳኳ ገባ። «ሥራው ይቅርብሽ ብዬሻለሁ፤ ተነሺ» አለና አንጓዋን ጨምድዶ ያዘ። መርፌው በጣቶቿ መሃል እንዳለ ቀረ። አልጮኸችም፤ አላመማትምም። ጣቶቿ ደም አጥተው ቀስ በቀስ ሲነጡ የሌላ ሰው እጅ እንደምታይ ሆና ተመለከተች። ከኋላዋ አንዷ በረጅሙ ተነፈሰችና «ወይ መታደል፣ ልክ እንደ ድራማው» አለች። ሁሉም ሳቁ። እሱም ደስ ብሎት አብሯቸው ሳቀ፤ እጇን ግን አልለቀቀም።

ከወንበሯ አልተነሳችም። ስትናገር ድምፅዋ ለራሷም የሩቅ ሰው ድምፅ መሰላት።

«ሁላችሁም ስሙት። አንተም ወደ እነሱ ዙርና በሰው ፊት መልስልኝ፤ እምቢ ብልህ ትለቀኛለህ ወይስ አትለቀኝም?»