ጌሟ ለማን ትሁን

ላሟ የሰርካለም ሆነች፣ አልጋው የምንተስኖት። በጎቹንም ያለ ክርክር ተካፈሉ። እነዚህ ባልና ሚስት እንደ ዛሬ ተስማምተው አያውቁም ብዬ በልቤ ሳቅኩ። ቴሌቪዥኑ ሥር ወደተቀመጠችው ግራጫ ጌም መጫወቻ ስንደርስ ግን ሁለቱም እኩል «የኔ ናት!» አሉ።

እኔና የንስሐ አባታቸው አባ መርስዔ ኃዘን ከጠዋት ጀምሮ ቤታቸው ተቀምጠናል። ምንተስኖት አዲስ አበባ እንግባ ይላል፤ ሰርካለም አገሬን ዘመሮን ለቅቄ አልሄድም ትላለች። መክረን መክረን ሲያቅተን ንብረት ማካፈል ያዝን። በሽምግልና ዘመኔ ሰው በድንበር ሲጣላ አይቻለሁ፣ በባሕር ዛፍ ሲጣላም አይቻለሁ። በመጫወቻ ሲጣላ ያየሁት ገና ዛሬ ነው። ገብሴን አውድማ ላይ ጥዬ መጥቻለሁ፤ ቶሎ ጨርሼ መሄድ ነው የምፈልገው።

«ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ አቅፌ ያመጣኋት እኔ ነኝ» አለ ምንተስኖት።

«አቧራዋን እየጠረግኩ ያኖርኳትስ?» አለች ሰርካለም።

«ይቺ አሮጌ ዕቃ ምን ታደርግላችኋለች?» አልኳቸው። «አሁን ሰዉ ሁሉ የሚጫወተው የኳሱን ጌም አይደል እንዴ?»

«ኳሱማ በየዓመቱ አዲስ ይመጣል፣ ጋሽ ወዳጆ» አለ ምንተስኖት። «የአምናውን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ይቺ ግን እንዳለች ናት። ውስጧ ያለው ገደል ዛሬም ትናንት የነበረበት ቦታ ነው። ከወደቅኩ ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማማርረው ሰው የለኝም።»

«መብራት ከሄደ ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ነው» አለች ሰርካለም። «እኔ ግን ሰልችቶኝ አያውቅም። አባ፣ ዳዊት በየቀኑ ሲደግሙ ይሰለችዎታል?»

አባ ማነጻጸሪያው አልጣማቸውም።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» አልኩ። «እስቲ ክፈቷትና እንያት።»

ቆብ ያደረገ ትንሽ ሰውዬ ብቅ አለ። ይሮጣል፣ ገደል ይዘላል፣ ገመድ ይዞ ይንጠለጠላል። ጆይስቲኩን የያዘው ምንተስኖት ነው። ሰውዬው አንዴ አዳለጠውና ገደል ገብቶ ጠፋ።

«ሁለት ነፍስ ቀረን» አለች ሰርካለም።

አባ መርስዔ ኃዘን መስቀላቸውን ጨበጥ አደረጉ። «ስንት ነበረው?»

«ሦስት፣ አባ።»

«እኔ አንድ አንድ ነፍስ ያላቸውን መጠበቅ አቅቶኛል!» አሉ። ዓይናቸውን ግን ከቴሌቪዥኑ አላነሡም።

ሰውዬው ፏፏቴው ጋ ደረሰ። ምንተስኖት ዞሮ ሳያይ ጆይስቲኩን ወደ ጎን ዘረጋው። ሰርካለም ቀድማ እጇን ዘርግታ ነበር። በሚንሳፈፉት ግንዶች ላይ እያዘለለች አሻገረችውና ዋሻ አፍ ላይ ስትደርስ መልሳ ሰጠችው። ከጠዋት ጀምሮ እነዚህ ሁለት ሰዎች ዓይን ለዓይን እንኳ አልተያዩም።

«አንቺ ዋሻውን አትችይውም?» አልኳት።

«እሱ ነው የሚያልፈው።»

«አንተስ ፏፏቴውን?»

«እሷ እያለች ለምን ብዬ?» አለ ምንተስኖት። ከአፉ የወጣውን ሲሰማው አንገቱን ደፋ።

አባ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። ነገሩ ለእኔም ገብቶኛል። ነገር ግን ሽማግሌ ሰውን በግድ አያኖርም፤ ከራሳቸው ይምጣ ብዬ ተውኩት።

«ጌሟ ለእሷ ትሁን» አለ ምንተስኖት። «እኔ አዲስ አበባ ሌላ አላጣም።»

እንዲህ ይላል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ከፋኝ። አባ ለማሳረጊያው ጸሎት ተነሡ። እኔም ዱላዬን አነሣሁ። አንድ ትዳር አለቀ ማለት ነው፣ ሌላ ምን ይባላል።

ምንተስኖት ግን አልተነሣም። በርጩማውን ወደ ሰርካለም አስጠጋ።

«እንግዲህ ብቻሽን ልትጫወቺ ነው» አላት ረጋ ብሎ። «ዋሻውን ላሳይሽ። አየሽ፣ መጀመሪያ የሌሊት ወፏ ትመጣለች። እስክታልፍ ቆመሽ ትጠብቂና...»

«አታሳየኝ።»

«ካላወቅሽው እኮ ከዚህ አታልፊም፣ ሰርኬ።»

«አታሳየኝ አልኩህ!» ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጣል አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አባ እንደ ቆሙ ቀሩ። ምንተስኖት ጣቶቹን ከጆይስቲኩ ላይ አነሣ። ቆብ ያደረገው ትንሽ ሰውዬ ዋሻው አፍ ላይ ቆሟል፤ ወደፊት አይሄድም፣ ወደኋላም አይመለስም።