ዘለበት የሌለው ማሰሪያ

«ይሄን ማሰሪያ መቀስ አይቆርጠውም» አለች የእንስሳት ሐኪሟ ቀና ሳትል። «ከምንድን ነው የተሠራው?»

በያጁ መልስ ከመስጠቱ በፊት ሚስቱን አየ። ሚስቱ የምታየው ግን ጠረጴዛው ላይ በማደንዘዣ የተዘረረውን ውሻቸውን ነው።

«የወፍጮ ቺንጋ ነው፤ በሪቬት የመታሁት እኔ ነኝ።»

«መፍቻው የት ጋ ነው? ዘለበቱ?»

«ዘለበት የለውም።»

ሆን ብሎ ነው ዘለበት የነሳው። ሌባ ሥጋ ጣል አድርጎ ዘለበቱን ከፈታ ውሻውም ንብረቱም አብረው ይሄዳሉ፤ የጎረቤቱ ጋራዥ የተዘረፈው እንዲያ ነው። እሱ ሞኝ አይደለም። ቺንጋውን ለክቶ ቆረጠ፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቦታ ተወና ጫፍና ጫፉን በሪቬት ብረት ደፈነው። ውሻው ያኔ ገና ቡችላ ነበር። የብየዳ ቤቱን ደንበኞች «እስቲ ፍታው!» እያለ ሲፈትናቸው፣ ሲያቅታቸውም ሲስቅባቸው ሰነበተ።

ስለ ዝርያው ደግሞ የማያውቀው የለም። በር ሊያሠራ የመጣ ሰው ዋጋ ከመስማቱ በፊት ስለ ጀርመን ሼፐርድ ይሰማል። በአምስት በስድስት ወሩ ጆሮው ቀጥ እንደሚል፣ ወንዱ አርባ ኪሎ ሊገባ እንደሚችል፣ ጸጉሩ ድርብ እንደሆነና ዝናብ ቶሎ እንደማያሳልፍ። አርባ ኪሎ ይገባል እያለ ሲምል የከረመ ሰው፣ አንገቱም አብሮ እንደሚያድግ ግን አልታሰበውም። ድርቡ ጸጉርም ጉዱን ሸፍኖ ያዘለት።

ሐኪሟ ጸጉሩን በጣቶቿ ገለጠችው። ቺንጋው ከጠርዙ በቀር አይታይም፤ ሥጋው አብጦ ውጦታል። ሽታው ክፍሉን ሞላው።

«ጋሼ፣ ይሄ የትናንት የዛሬ አይደለም፤ ወራት አስቆጥሯል። አንገቱን የሚዳስሰው ሰው የለም እንዴ?»



«ከልክሎን ነው» አለች ሚስቱ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለው ነበር። «የጥበቃ ውሻ ካሻሹት ከሌባም ጋር ይወዳጃል ብሎ። ልጆቹ እንኳ በሩቁ ነው የሚያዩት። ኧረ ይሸታል ስለው፣ ሽቶ እንዲቀባልሽ ነው ወይ የፈለግሽው አለኝ።»

ብሏል። ብሎም ስቋል። ውሻው መጮህ ሲተው «ጠግቦ ነው የሰነፈው» ብሎ ምግቡን ያስቀነሰውም እሱ ነው። ለካስ እንስሳው መዋጥ እያቃተው ነበር ሳህኑን እየተወ የሚሄደው። ይህን ሲያስብ ፊቱ ጋለ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ብረት መቁረጫ መኪናው ውስጥ አለኝ» አለ።

«ያምጡት። በአልኮል አጸዳዋለሁ።»

ሐኪሟ ያበጠውን ሥጋ ይዛ ከፈተችለትና እሱ የመቁረጫውን አፍ አስገባ። «ቀስ ይበሉ፣ ከሥሩ የደም ሥር አለ» አለችው። የመጀመሪያው ሪቬት ቋ ብሎ ተቆረጠ። ሁለተኛው እምቢ አለ። ጥሩ አድርጎ ነበር የመታው፤ ሲመታውም እያፏጨ ነበር። ጥርሱን ነክሶ ደግሞ ጨመቀው፣ በመጨረሻ ለቀቀ።

ቺንጋው ብቻውን አልወጣም። ሐኪሟ ከሥጋው ላይ ስትልጠው ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትሪው ላይ ሲያርፍ ክብነቱን አልለቀቀም ነበር፤ የሻይ ሳህን አያክልም። ያቺን ክብ ከዚያ ትልቅ ጭንቅላት ጎን በያጁ ደጋግሞ አያት።

«ይተርፋል?» አለ ቁስሉ ታጥቦ ፋሻው ከተጠመጠመ በኋላ።

«ምርቀዛው ወደ ደሙ ካልገባ ይተርፋል። ግን በጣም ተዳክሟል፤ እስኪነቃ እርግጠኛ መሆን አልችልም።» ጓንቷን አወለቀች። «ከተረፈ ጠዋትና ማታ ቁስሉን ታጥባላችሁ። ሲሽር ዘለበት ያለው ማሰሪያ ታደርጉለትና በየሳምንቱ ጣት እያስገባችሁ ትለካላችሁ። ውሻ በዓይን ብቻ አይታይም ጋሼ፣ በእጅም ይታያል። ይህን ዓይነት ጸጉር ያለው ደግሞ የባሰ ነው።»

«እሺ» አለ።

«አሁን ሲነቃ ደንግጦ እንዳይታገል፣ የሚያውቀውን ድምፅ ይስማ። ጠጋ ይበሉና ያናግሩት» ብላ እጇን ልትታጠብ ወጣች።

በያጁ ጎንበስ አለ። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።

«አናግረው እንጂ» አለች ሚስቱ።

ለዚህ ውሻ ተናግሮት የሚያውቀውን ፈለገ። ያዝ። ተው። ተቀመጥ። ዝም በል። ውጣ። ስም እንኳ አላወጣለትም፤ «አንተ» ይበቃዋል ብሎ ነው። ስለ እሱ ለአላፊ አግዳሚው ሲያወራ የከረመ አንደበት፣ ለእሱ የሚሆን አንድ ቃል አጣ። «አይዞህ» የሚለው እንኳ የመጣለት ዘግይቶ ነው፤ ሲመጣም አፈረበት። ይህን ቃል ከእሱ ሰምቶ የማያውቅ እንስሳ በምን ያውቀዋል?

የውሻው ዐይን ቆብ ተርገበገበ። ትንፋሹ ተፋጠነ፤ አንድ እግሩ የጠረጴዛውን ብረት ቧጠጠ።

«ቶሎ በል፣ እየፈራ ነው» አለች ሚስቱ።

«ተቀመጥ» አለ በያጁ። የወጣለት እሱ ቃል ብቻ ነው። ድምፁን ግን አለስልሶ፣ ልጆቹን ሲያስተኛ እንኳ አውጥቶት በማያውቀው ድምፅ ነበር ያለው። «ተቀመጥ… ተቀመጥ የኔ ልጅ።»

መቧጠጡ ቆመ። ከዚያ ውሻው፣ ዐይኑ ገና ሳይገለጥ፣ የፊት እግሮቹን አንድ በአንድ ወደ ሆዱ ሰበሰበ። ፋሻ የተጠመጠመበት አንገቱ እየተንቀጠቀጠ ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ አለ፣ ወደቀ፣ እንደገና ከፍ አለ። እንደታዘዘው ሊቀመጥ እየሞከረ ነበር።