ከስሞልያን በየጠዋቱ

ዝላትካ ለሦስተኛ ጊዜ ስትደውል ጫኞቹ ከጎኗ ያለውን ጠረጴዛ ብድግ አድርገው ወሰዱት። በሩሴ ከተማ ያለው ቢሮ ግማሹ ባዶ ሆኗል። ግድግዳ ሥር፣ መሬት ላይ የተቀመጠው አሮጌ ሰርቨር ብቻ አሁንም ያጉረመርማል። እሱም ስድስት ሰዓት ሲሞላ ይጠፋል ተብሏል።

ሰርቨሩ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሥራ ነበረው። ኩባንያው ለጫማ ሠሪዎች የሸጠው የፎርማ፣ ማለትም ጫማ የሚሰፋበት የእግር ቅርጽ፣ መቅረጫ ፕሮግራም በተከፈተ ቁጥር በኢንተርኔት ወደዚህ ብቅ ብሎ «ልሥራ ወይ?» ይላል፤ ሰርቨሩ የፈቃዱን መዝገብ አይቶ «ሥራ» ይለዋል። መልስ ያጣ ፕሮግራም ይቆለፋል። አሁን ኩባንያው ተሸጧል፣ ደንበኞቹም ወደ አዲሱ ፕሮግራም ተዛውረው አልቀዋል። የሚጠይቅ የቀረው አንድ ሰው ነው፤ በተራሮች መሃል ባለችው በስሞልያን ከተማ የሚኖረው ጫማ ሠሪ፣ ስፓስ ካራጆቭ።

ሦስት ደብዳቤ ተልኮለት አልመለሰም። ካመን የሚባለው አለቃዋ፣ አንብቦ ዝም ካለ የራሱ ጉዳይ ነው ብሏል። አዲሶቹ ባለቤቶችም ለአሮጌው ፕሮግራም ምንም ፈቃድ እንዳይሰጥ በጽሑፍ ከልክለዋል። ዝላትካ ግን ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷታል። መስኮቱ ጋ ሄዳ ወደ ዳኑብ ወንዝ ትመለከታለች፣ ምኑንም ልብ ሳትል ትመለሳለች፤ ደግሞ ሰዓቷን ታያለች።

አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ስልኩ ተነሳ። ሽማግሌው ጫማ ሠሪ ከየት እንደደወለች ሲሰማ መጀመሪያ ያላት አዲሱን ፕሮግራም እንደማይገዛ ነው። የእሱ ደህና ይሠራል፤ ደብዳቤዎቹም ማስታወቂያ መስለውት ምድጃ ለኩሶባቸዋል። እሷም ከስድስት ሰዓት በኋላ የእሱ እንደማይከፈትለት፣ እስከ ዛሬም በየጠዋቱ ከእነሱ ፈቃድ እየጠየቀ ሲሠራ እንደኖረ አስረዳችው።

«በየጠዋቱ?» አለ። «እኔ ሳላውቅ?»

«አዎ ጋሼ። ሲከፍቱት ይጠይቃል።»

«ታዲያ ስንት ሰዓት እንደምነሳ ታውቂያለሽ ማለት ነዋ።»

መዋሸት ትችል ነበር። «አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይከፍታሉ» አለችው። «እሁድ አይከፍቱም።»

«ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እሷ እንኳ እንዲህ አልተቆጣጠረችኝም።» ቀጠለና፣ «የካቲት ላይስ? ምን ይላል መዝገብሽ?»

ዝላትካ መዝገቡን ማየት አላስፈለጋትም። በእነዚያ ቀናት ቢሮ ስትገባ ካፖርቷን ሳታወልቅ የምታየው ያችን አንዲት መስመር ነበር። ጉንፋን ይሆናል ትላለች፤ በማግስቱ፣ በረዶው መስመር በጥሶ ይሆናል ትላለች። በአሥረኛው ቀን ስልኩን አንስታ መልሳ አስቀምጣዋለች።

«አሥራ ዘጠኝ ቀን አልከፈቱም።»

«በረዶ አንሸራቶኝ ዳሌዬ ተሰብሮ ሆስፒታል ነበርኩ። የት ገባ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።»

«እኔ አስተውዬ ነበር» አለች ዝላትካ። ድምፅዋ አንሶ ነበር። «ልደውል ብዬ ተውኩት። ምን ብዬ እንደምደውል ግራ ገባኝ።»

ሽማግሌው ወሬውን ወደ ሌላ ነገር አዞረው። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ አለች፤ አንድ እግሯ ከሌላው በአራት ጣት ያጠረ። ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ጫማ የሚሠራላት እሱ ነው። ሰኞ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ያምናው ጫማ ጠቧት ቤት ተቀምጣለች። «ልኳ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው» አለ። «እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል። ፎርማውን በእጄ ልቅረጽላት ብል አልችልም።»

ዝላትካ ሰርቨሩ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ኪቦርዱንም ጭኗ ላይ ሳበች። መዝገቡን ከፍታ፣ የፈቃዱ ማብቂያ ቀን ከሚጻፍበት ቦታ ላይ «የለውም» ብላ ሞላች። ሃያ አራት አኃዝ ያለው ቁጥር ወጣ። ሽማግሌው ያንን ፕሮግራሙ ላይ ካስገባና ሰርቨሩ አንድ ጊዜ ካረጋገጠለት፣ ከዚያ ወዲያ ፈቃድ መጠየቅ ቀረ። ኢሜይል የለውም፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ነገረችው። ካርቶን ላይ በእርሳስ ጻፈው፣ በአንድ ጣቱም አስገባው። ፕሮግራሙ አልቀበልም አለው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል።

እንደገና ከመጀመሪያው እያነበበላት ሳለ ካመን መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። የተከፈተውን መዝገብ አየ፤ ምን እየሠራች እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም።

«ዝላትካ» አለ።

እሷ አልዞረችም።

«ይቺ ደግሞ» አለ ከስልኩ ውስጥ የሽማግሌው ድምፅ፣ «አንድ ነው ያልሽኝ ሰባት?»

«ሰባት ጋሼ።»

«እኔ አንድ ነው የጻፍኩት። ቆይ ላስተካክላት። አትሂጂብኝ።»

ጫኞቹ ሰርቨሩን ሊወስዱ መጡ። ካመን ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ እየጠቆመ መጀመሪያ ቁም ሣጥኑን እንዲያወጡ አዘዛቸው። «ከባድ ነው» አላቸው። «ረጋ በሉ።»

ለስድስት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ጋሽ ስፓስ «ተከፈተ» አለ። የልጅቱን እግር ኮምፒውተሩ ላይ እያየሁት ነው አለ። ዝላትካ ግንባሯን በመዳፏ ጠረገች። ከእንግዲህ ኢንተርኔት ባይኖር እንኳ እንደሚሠራ፣ ፈቃድ እንደማይጠይቅ ነገረችው።

«ማንንም?»

«ማንንም ጋሼ።»

ካመን ራሱ በርከክ ብሎ ሰርቨሩን አጠፋው። ማጉረምረሙ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ። ቢሮው ጭር ከማለቱ የተነሳ የሽማግሌው ትንፋሽ በስልኩ ይሰማ ነበር። ዝላትካ ሽማግሌው ደህና ሁኚ ብሎ እስኪዘጋ ጠበቀች።

«እርሳሱ አሁንም እጄ ላይ ነው» አለ። «የራስሽን ስልክ ቁጥር ንገሪኝ እስቲ። ቀስ እያልሽ።»

ጫኞቹ የሰርቨሩን ገመድ ከእግሯ ሥር ይስባሉ። ዝላትካ ባዶው ወለል ላይ እንደተቀመጠች ተረከዟን ከፍ አደረገችላቸው።

«ዜሮ» አለች።

«ዜሮ» አለ ሽማግሌው፣ እየጻፈ።