የጉሮሮው ወርቅ

«ከአሁን በኋላ እንዳይናገሩ፣ ምራቅም እንዳይውጡ» ትለዋለች ሐኪሟ፣ ቀጭኗን ቱቦ በአፍንጫው እያስገባች። ባለቤቴ ዓይኑን ወደ እኔ ያንከባልላል። ፀጉር አስተካካይ ነው። «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» የሚለውን ተረት ለተመለጠ ደንበኛ የሚተርት ሰው፣ ዛሬ ዝም በል ተባለ።

የመጀመሪያው ሐኪም የጉሮሮ ካንሰሩን በቀዶ ጥገና ካወጣሁት ድምፁ አብሮ ይሄዳል ብሎን ነበር። ይህችኛዋ ግን ትናንት በዓይን የማይታይ የወርቅ ብናኝ በደም ሥሩ ሰጠችው። ብናኙ ዕጢው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ይግልና ዕጢውን ያቃጥለዋል። ወርቅ ያልገባበት ደህናው ሥጋ ይተርፋል። «ስንት ዘመን ወርቅ ግዛልኝ ስልህ ኖሬ፣ በመጨረሻ ጉሮሮህ ውስጥ ደበቅከው?» ብዬ ስቄበታለሁ። ሳቁ ከአንገት በላይ ነበር።

ቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ብርሃን ይበራል። ሙቀት በሚያሳየው ስክሪን ላይ ጉሮሮው ሰማያዊ ነው፤ መሃሉ ላይ አንዲት ነጥብ ትቀላለች።

«ያቺ ናት፤ ሙቀቱ ከሷ አላለፈም» ትላለች ሐኪሟ።

ባለቤቴ እጄን ጭብጥ ያደርጋል። ፈርቻለሁ። ዕድሜ ልኬን «እስቲ አፍህን አሳርፈው» ስለው የኖርኩ ሴትዮ፣ አሁን ቤታችን ያለሱ ወሬ እንዴት ይመሻል እያልኩ እጨነቃለሁ።

ብርሃኑ ጠፍቶ፣ ቱቦው ወጥቶ፣ ማደንዘዣው እስኪለቀው ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።

«ዕጢው መጥፋቱን ገና በክትትል ነው የምናውቀው» ትላለች ሐኪሟ። «ድምፅዎን ግን አሁን እንስማው። እስቲ ይናገሩ፣ አባባ።»

አፉን ይከፍታል። ምንም አይወጣም።

ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ምን ልበል?»

ሻካራ ነው፤ ግን የራሱ ድምፅ ነው። እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል።

«ምን ልበል ትላለህ እንዴ? አንተ?» እለዋለሁ።

«እሺ።» ወደ ሐኪሟ ዞር ይላል። «ልጄ፣ ይሄን ፀጉርሽን ማነው የቆረጠው? ግራና ቀኙ አይተዋወቅም። እንዳንቺው ሌላ ቦታ ተቆርጦ የመጣ አንድ ደንበኛ ነበረኝ…»

ሐኪሟ እየሳቀች ታየኛለች፤ ለዛሬ ይበቃል በይው ማለቷ ነው። ሺህ ጊዜ የሰማሁት ወሬ ነው። ወንበሬን ወደ አልጋው አስጠጋለሁ።

«እና ደንበኛው ምን አለህ?»