የሆስቴሉ ድስት

ሀሲባ የሆስቴሉን ፍሪጅ ስትከፍት ድስቷ ዛሬም ባዶ ነበር። ሊዝበን ከገባች ጀምሮ ያበሰለችውን ሩዝ አንድ ሰው እየበላባት፣ እሷ ዳቦ ገምጣ ታድር ነበር። ትናንት ግን ሌባው እሪ ብሎ እንዲጋለጥ፣ ከሚኒያፖሊስ፣ ከሌክ ስትሪት ሱቆች ይዛ የመጣችውን ሚጥሚጣ ሙሉውን ሩዙ ላይ ገልብጣ ነበር።

ማንም እሪ አላለም። ከሆስቴሉ እንግዶች ጀርመኑ ልጅ ረጋ ብሎ ቡናውን ይጠጣል፤ አውስትራሊያዊቷ እንቁላል ትጠብሳለች።

"እሱ ነው አላልኩሽም?" አለቻት ከሚኒያፖሊስ አብራት የመጣችው ጓደኛዋ ኢቅራ፣ ጀርመኑን በዓይኗ እየጠቆመች። "ባስ ከመሳፈራችን በፊት ፊት ለፊት ንገሪው። እኔ ብሆን ሪፖርት አደርገው ነበር!"

ሀሲባ ጀርመኑን አየችው፤ ቀጥሎ ኢቅራን። ያን ሁሉ ሚጥሚጣ ድምፁን ሳያሰማ የሚጨርስ ሰው በዚያ ቤት ውስጥ ከእሷ ሌላ አንድ ብቻ ነበር።

ሀሲባ ፎቅ ወጥታ ዕቃ ከሚያስቀምጡበት የጋራ ሎከራቸው የራሷን ቦርሳ ብቻ አወጣችና፣ የኢቅራን እዚያው ትታ ሎከሩን ቆለፈችው። ወርዳ ቁልፉን ባዶው ድስት ውስጥ ጣለች፤ ከድናም ፍሪጅ ውስጥ መለሰችው።

"ኧረ ባሱ ሊያመልጠን ነው!" ኢቅራ ከደረጃው ላይ ጮኸች። "የሎከሩ ቁልፍ የታል?"

ሀሲባ ቦርሳዋን አዝላ በሩ ላይ ደርሳ ነበር።

"ሲርብሽ የምትከፍቺው ቦታ አለልሽ" አለቻትና ወጣች።